ለኑክሌር ጣቢያ የሰውን ባሕርይ ያገናዘበ ደንብ ይቅደም

ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሚቀጥሉት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ የኑክሌር የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሥራት መሆኑን ካስታወቁና፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሮሳቶም ከሚባለው የሩስያ መንግሥት የአቶሚክ ድርጅት ጋር በሞስኮ የሥራ መርሐ ግብር ከተፈረመ ወዲህ፣ በየጉባኤው የሚነሣው ጥያቄ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሪአክተሩ ዓይነትና ስለሚተከልበት ቦታ ሆኖ ሰንብቷል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢዎች ናቸው። ነገር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለ ሆነ ከሁሉ ሊቀድም የሚገባው አንድ ጥያቄ ሳይነሣ እንዳይቀር እሰጋለሁ፤ ይኸውም ጣቢያው ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ፣ በእኩለ ሌሊት በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ የሚተጋው ተረኛ፣ የሚያየው ምልክት እውነቱን የሚነግረው፣ የሚጨብጠው መዘውር ከጎኑ ካለው የሚለይለት፣ የሚያነበው መመሪያ በጭንቅ ሰዓት የሚገባው እንዲሆን ማን፣ መቼና በምን ሕግ ያረጋግጥለታል? የሚለው ነው።

ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ሲሉ አበው የተናገሩት፣ ዛሬ የዓለም ጠቢባን በብዙ ጥናት የደረሱበት እውነት ነው። የሰብአዊ ሁኔታዎች ምሕንድስና የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ ከዚህ እውነት ተነሥቶ፣ ዓይን በምን ያህል ርቀት ምን ያህል ፊደል እንደሚያነብ፣ ጆሮ ከብዙ ደወል መካከል የትኛውን ለይቶ እንደሚሰማ፣ አእምሮ በድካምና በድንጋጤ ጊዜ ምን እንደሚዘነጋና በምን እንደሚታለል እየመረመረ፣ መሣሪያው፣ መመሪያው፣ የፈረቃው ሥርዓትና ሥልጠናው ለዚህ ሰብአዊ ባሕርይ እንዲስማሙ ያደርጋል። የእኔም ሐሳብ ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ የኑክሌር ጣቢያ መሥራት የምትሻ ከሆነ፣ ሪአክተሩን የምትገዛበት ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ሪአክተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ባሕርይ ያገናዘበ ደረጃ በሕግ ጽፋ ማውጣት አለባት።

ይህ ዕውቀት በኑክሌር ጣቢያዎች ዘንድ ደንብ ሆኖ እንዲጻፍ ያስገደደው፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ በሳስከሃና ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ በተሠራው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ የደረሰው አደጋ ነው። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወር ባልሞላው ሁለተኛው ሪአክተር፣ ውሃ ወደ እንፋሎት ማመንጫዎቹ የሚልኩት ፓምፖች በድንገት ቆሙ። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ግፊቱ በጨመረ ጊዜ የማስተንፈሻው ቫልቭ እንደ ሥርዓቱ ተከፈተ፤ ሪአክተሩም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱን አጠፋ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ እንደ ታሰበው ሆነ። ግፊቱ በበረደ ጊዜ ግን ሊዘጋ የሚገባው ቫልቭ ክፍት እንደ ሆነ ቀረ፤ በእርሱም በኩል የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈስ ጀመር።

በሰሌዳው ላይ ስለዚህ ቫልቭ የምታመለክት አንዲት አምፖል ነበረች። አምፖሏ ስትጠፋ ተረኞቹ ቫልቩ ተዘጋ ብለው ተረዱ። የተሠራችው ግን የመዘጋት ትእዛዝ ለቫልቩ መተላለፉን እንድታሳይ ብቻ ነበርና፣ ቫልቩ በእውነት ይዘጋ አይዘጋ የምትመሰክረው ነገር አልነበራትም። የሚፈሰው ውሃ የሚጠራቀምበትን ጋን ሁኔታ የሚያሳየው መለኪያ ደግሞ ከሰሌዳው ጀርባ ስለ ተተከለ፣ ተረኛው ተነሥቶ ካልዞረ በቀር ሊያየው አይችልም። ለእንፋሎት ማመንጫዎቹ በመጠባበቂያነት የተዘጋጀው ውሃ የሚያልፍባቸው ቫልቮች ለጥገና ተዘግተው ሳይከፈቱ ቀርተው ኖሮ፣ ይህንን ከሚያሳዩት መብራቶች አንዱ በተንጠለጠለ የጥገና ካርድ ተሸፍኖ ስለ ነበረ፣ መዘጋታቸው የታወቀው ከ8 ደቂቃ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ባንድነት ሲጮኹና ሲብለጨለጩ፣ ብርቱው ከቀላሉ የሚለይበት ሥርዓት ባለመኖሩ የተረኞቹ ልቡና ታወከ፤ ዝርዝሩን የሚያትመው ማሽን እንኳ ብዛቱን መከተል ተስኖት ወደ ኋላ ቀረ።

በሪአክተሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በቀጥታ የሚያሳይ መለኪያ ስላልነበረ፣ ተረኞቹ የሚመለከቱት በግፊት መጠበቂያው ጋን ላይ ያለውን ነበር። እርሱም ውሃው እየሞላ መሄዱን አሳያቸው። በሥልጠናቸው አብዝቶ የተነገራቸው ጋኑ ሞልቶ ግፊቱን መግዛት እንዳያቅታቸው እንዲጠነቀቁ ስለ ነበረ፣ ሪአክተሩን ሊያድን በራሱ ጊዜ መፍሰስ የጀመረውን የአደጋ ጊዜ ውሃ በገዛ እጃቸው ቀነሱት። ውሃው በእውነት እየጎደለ የሞላ መስሎ የታየው በእንፋሎት ተገፍቶ መሆኑን የሚነግራቸው አንድም መሣሪያ አልነበረም። የተበላሸው ቫልቭ መንገድ በሌላ ቫልቭ የተዘጋው ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ አዲስ የገባ የፈረቃ ኃላፊ ነገሩን ባልደከመ አእምሮ ተመልክቶ በጠረጠረ ጊዜ ነበር። በዚያ መካከል ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ የሚያህለው ቀልጦ ነበር። ወደ አካባቢው የወጣው ጨረራ አነስተኛ ቢሆንም፣ ያ ሪአክተር ከዚያች ሌሊት በኋላ ዳግመኛ አልሠራም፤ ጽዳቱም እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ቈይቶ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ፈጅቷል።

ፕሬዚዳንት ካርተር የሾሙት፣ በዳርትመዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በጆን ኬሜኒ የተመራው መርማሪ ጉባኤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ባቀረበው ዘገባ፣ ተረኞቹ የወሰዱት እርምጃ አደጋውን እንዳባባሰው ሳይሸሽግ ከተናገረ በኋላ፣ ወደዚያ እርምጃ የመራቸው የሥልጠናው ጉድለት፣ የመመሪያው መደናገር፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል አሠራርና ካለፈው ለመማር አለመቻሉ መሆኑን አስረዳ። ካለፈው አለመማር የተባለውም በማስረጃ ነው። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴቪስ ቤሲ ጣቢያ፣ የስሪ ማይል አይላንዱን ሪአክተር በሠራው ኩባንያ በተሠራ ሌላ ሪአክተር፣ በመስከረም ወር 1977 እ.ኤ.አ. ይኸው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ተረኞቹም እንደዚሁ ተሳስተው ውሃውን ቀንሰው ነበር። ሪአክተሩ ከኃይሉ 9 በመቶውን ብቻ እየሠራ ስለ ነበረና ነገሩ በ20 ደቂቃ ገደማ ስለ ታወቀ ጉዳት ሳይደርስ ታለፈ። በሠሪው ኩባንያ ውስጥ ያሉ መሐንዲሶች አደጋውን አይተው ቢያስጠነቅቁም፣ ማስጠንቀቂያው ለስሪ ማይል አይላንድ ተረኞች አልደረሰም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ በከንቱ አለፈ።

የሚያሳዝነው፣ የሚያስፈልገው ዕውቀት ቀድሞም መኖሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ቢ-17 የተባለው አውሮፕላን በደኅና ካረፈ በኋላ አብራሪዎቹ የክንፉን መቀልበሻ የነኩ እየመሰላቸው ጎማውን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ሲያስተኙ፣ አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ሊቅ ነገሩን መርምሮ ሁለቱ መቀያየሪያዎች አንድ ዓይነት ሆነው ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አገኘ፤ በአንደኛው ላይ የጎማ፣ በሁለተኛው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው እጀታ እንዲደረግና እጅ ያለ ዓይን እርዳታ እንዲለያቸው መከረ። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ ደግሞ በ1947 እ.ኤ.አ. የአብራሪ ስሕተት የተባሉ 460 ገጠመኞችን መርምረው፣ አብዛኛው ስሕተት ከመሣሪያው አሠራር የሚመነጭ መሆኑን አሳዩ። ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ በኑክሌር ጣቢያዎች ግን ቅርጻቸው አንድ የሆነ ብዙ መቀያየሪያዎች በረድፍ ይተከሉ ነበር። በአንድ ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ሁለት ተመሳሳይ መዘውሮችን ለመለየት ሲቸግራቸው፣ የተለያየ ምልክት ያላቸውን የቢራ መቅጃ እጀታዎች አምጥተው በላያቸው እስከ መግጠም ደርሰዋል። መሐንዲሱ ያላሰበላቸውን እነርሱ ለራሳቸው አሰቡ።

ከስሪ ማይል አይላንድ በኋላ ነገሩ ለሠራተኛው ብልኃት የሚተው መሆኑ ቀረ። የአሜሪካ የኑክሌር ተቈጣጣሪ ኮሚሽን በ1981 እ.ኤ.አ. የመቆጣጠሪያ ክፍሎች የሚመረመሩበትን ዝርዝር መመሪያ አወጣ፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1989 እ.ኤ.አ. የመቆጣጠሪያ ክፍልን ንድፍ የሚመለከት ደረጃ ደነገገ፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከታተል መርሐ ግብር አሳተሙ፤ መቀመጫው ቪየና የሆነው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በ2019 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ ለአባል አገሮቹ የደኅንነት መመሪያ አወጣ። ኢትዮጵያ ኤጀንሲው ከተመሠረተበት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናትና ይህ መመሪያ ለእርስዋም የተጻፈ ነው።

የእነዚህ ደንቦች ታላቅነት በዝርዝራቸው ብዛት ሳይሆን በቅደም ተከተላቸው ነው። አስቀድሞ ካለፉት አደጋዎች ትምህርት ይሰበሰባል። ከዚያም ጣቢያው የሚፈጽማቸው ተግባራት ተዘርዝረው፣ የትኛው ለማሽን የትኛው ለሰው እንደሚሰጥ ይወሰናል። ለሰው የተሰጠው ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ምን ዕውቀት፣ ምን ምልክትና ስንት ደቂቃ እንደሚጠይቅ ይተነተናል። የሠራተኛው ቍጥርና ችሎታ፣ የሰሌዳው አቀማመጥ፣ መመሪያውና ሥልጠናው የሚነደፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻም ፈተና ይመጣል፤ በእውነተኛው ክፍል አምሳል በተሠራ ሲሙሌተር ውስጥ እውነተኞቹ ተረኞች ተቀምጠው አደጋ ይፈጠርባቸዋል፤ ምልክቱን በጊዜ ያዩ እንደ ሆነ፣ እርስ በርሳቸው የተግባቡ እንደ ሆነ፣ ሪአክተሩን ወደ ደኅንነት የመለሱ እንደ ሆነ በመርማሪዎች ይመዘናል። የታየው ጉድለት ከክብደቱ አንጻር ተመዝግቦ ይታረማል እንጂ፣ ሠራተኛው ይልመደው ተብሎ አይታለፍም።

ጥፋትን ሁሉ በተረኛው ራስ ላይ መጣል ለባለ ሥልጣንም ለሠሪም ቀላል ስለ ሆነ፣ እውነቱ ዘግይቶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የቼርኖቢል አራተኛ ሪአክተር በሚያዝያ ወር 1986 እ.ኤ.አ. በፈነዳ ጊዜ፣ የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ አማካሪ ጉባኤ ያወጣው የመጀመሪያ ዘገባ ዋናውን ኃላፊነት በሠራተኞቹ ላይ አደረገ። ያው ጉባኤ በ1992 እ.ኤ.አ. ነገሩን እንደ ገና መርምሮ፣ የሪአክተሩ ንድፍ ራሱ ብርቱ ጉድለት እንደ ነበረበት፣ ለአደጋ ጊዜ ማጥፊያ የተሠራው ሥርዓት በዚያ ሁኔታ ውስጥ ኃይሉን ለቅጽበት ሊጨምረው ይችል እንደ ነበረ፣ ሠራተኞቹም ይህን እንዳላወቁ ገልጦ ፍርዱን አስተካከለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሙታኑና ሕያዋኑ የተሸከሙት ነቀፋ ከፊሉ የነዳፊዎቹ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ነፍሳት ባለቁ ጊዜ፣ በውጭ አገር ከተሰሙት ድምፆች ከፊሎቹ በአብራሪዎቻችን ችሎታ ላይ ለማሳበብ የቸኰሉ ነበሩ። ምርመራው የገለጠው ግን፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የሐሰት ምልክት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር መድፈቁን ነው። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳዩ አደጋ እስኪደርስ ድረስ የዚህ ሥርዓት መኖር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጠም ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም ወር 2019 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሠሪው ኩባንያ አብራሪው ብልሽቱን ወዲያው አውቆ ያርመዋል ብሎ ሲገምት፣ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች ባንድነት ሲጮኹ የሰው አእምሮ ምን እንደሚሆን አልመረመረም። ከ40 ዓመት በፊት በስሪ ማይል አይላንድ የታየው ይኸው ነበር። በዚያ ኀዘን ዋጋ የተገዛው ትምህርት ለአየር መንገዳችን ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር እመኛለሁ።

ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ጣቢያውን የሚሸጥልን አገር ይህን ሁሉ አስቀድሞ ስላጠናቀቀው እኛ የምንጨምረው የለም የሚል ነው። ነገር ግን ክፍሉ የተፈተነው በሌላ አገር ሰዎች፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ የሥራ ልማድ ነው። የእኛ ተረኛ በጭንቅ ሰዓት መመሪያውን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ፣ ከጓደኛው ጋር በየትኛው እንደሚነጋገር፣ ሁለቱ ሲደባለቁም ስሕተት እንዳይገባ ምን እንደሚደረግ ሻጩ ሊወስንልን አይችልም። ሁለተኛው፣ ዛሬ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ሥራ ስለሚሠራ የሰው ድርሻ ቀንሷል የሚል ነው። ሊዛን ቤንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳችው ግን፣ ማሽኑ ቀላሉን ሥራ ሁሉ ሲወስድ ለሰው የሚቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ያውም ከልምምድ ከራቀ በኋላ፣ ድንገት ጭንቅ በመጣ ጊዜ የሚጠየቀው።

ሦስተኛው፣ ጊዜው ገና ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነን በአቅራቢያችን የሚገኘው የተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ አብነት ነው። ኤምሬትስ የኑክሌር ሕጋቸውን አውጥተው ነጻ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ባራካ ላይ አራት ሪአክተሮችን ለመሥራት ከኮርያ ኩባንያ ጋር ውል የተዋዋሉት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሪአክተር ግንባታ በ2018 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ ሳለም፣ ሠራተኞቹ በሥልጠናና በፈቃድ በኩል ዝግጁ እስኪሆኑ ድረስ ተጠብቆ ሥራ የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ገንዘብ የማይቸግረው አገር የተሠራለትን ሪአክተር ሰው እስኪዘጋጅ ካስጠበቀ፣ እኛ ችኰላን የምንመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የጨረራን ሥራ የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤታችን ከዛሬ ጀምሮ መሐንዲሶችን፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንትን፣ ሐኪሞችንና የበረራ አሠልጣኞችን ያካተተ አንድ ጉባኤ እንዲያቋቁም እመክራለሁ። ጉባኤው የዓለም አቀፉን ደረጃ መርምሮ ለአገራችን የሚስማማውን ያዘጋጅ። ዕውቀቱንም በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃችን ባሉት ሥራዎች ላይ ያለማምድ፤ የግድቦቻችን መቆጣጠሪያ ክፍሎችና የኤሌክትሪክ ኃይል ማከፋፈያ ማዕከላችን ደወላቸው ምን ያህል እንደሚበዛ፣ የፈረቃቸው ርዝመት ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያደክም የሚጠናባቸው መልካም ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ትምህርት ቢጀምሩ፣ ጣቢያው በሚከፈትበት ጊዜ ከውጭ የሚመጣውን ንድፍ ገምግሞ ይህ አይሆንም የሚል የራሳችን ባለሙያ ይኖረናል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የምሻለት የራሳችን ጠባይ ነው። ታናሽ ታላቁን፣ ምንዝር አለቃውን ተሳስተዋል ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ይህ አክብሮት ለቤተ ሰብና ለማኅበር ያማረ ጌጥ ቢሆንም፣ በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ፍርሀት በልቡ የያዘውን ወጣት ተረኛ ዝም ያሰኘዋል። የአየር መንገድ ሰዎቻችን ረዳት አብራሪው ዋናውን እንዲያስጠነቅቅ የሚያስገድድ ሥልጠና እንዳላቸው ሁሉ፣ የኑክሌር ደረጃችንም አልገባኝም፣ ይህ ትክክል አይመስለኝም ማለትን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ግዴታ ሊደነግገው፣ ስሕተቱን በገዛ ፈቃዱ የገለጠውንም ሠራተኛ ከቅጣት ሊጠብቀው ይገባል። ስሕተት በፍርሀት የሚደበቅበት ጣቢያ ከስሕተቱ የሚማርበት መንገድ የለውም።

የሕዝብ እንደራሴዎች በኑክሌር ሕጉ ላይ በሚመክሩበት ጊዜ እነዚህን ሁለት አንቀጾች እንዲጽፉበት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል ንድፍ የሰብአዊ ሁኔታዎችን ደረጃ ማሟላቱን ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከንድፉ መጀመሪያ አንሥቶ እንዲመረምር፣ ሻጩም ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰነድ ሁሉ እንዲያቀርብ በውሉ የሚያስገድድ ይሁን። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ተረኞች በሲሙሌተር ውስጥ ሌሊትም ቀንም ተፈትነው፣ ምልክቱን አይተው፣ ተመካክረው፣ ሪአክተሩን በደኅና ለማቆም መቻላቸው እስካልተመሰከረ ድረስ ነዳጅ ወደ ሪአክተሩ እንዳይገባ የሚከለክል ይሁን። ይህን የሚጽፍ ምክር ቤት ለኃይል የተጠማውን ሕዝባችንን ልማት አያዘገይም፤ ልማቱ በአንዲት ሌሊት እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል።